ስድስት ወር ቻይና እያደሩ ኩንግ ፉ መማር፦ ሻኦሊን ይሻላል ውዳንግ?

ፍሬ_ከአዳማ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሦስት ወር በኋላ ቻይና ሄጄ፣ እዚያው እያደርኩ ለስድስት ወር ኩንግ ፉ ለመማር አስቤአለሁ። የዉሹ (የቻይና ማርሻል አርት) ጅምር አለኝ፤ መሠረታዊ ምቶቹንና አንድ ታኦሉ (የተቀናበረ ተከታታይ እንቅስቃሴ) እችላለሁ። ግራ የገባኝ ግን ብዙ ነው። ሻኦሊን ልሂድ ወይስ ውዳንግ? ቪዛው የትኛው ነው? ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሰውነት የሚጎዳው የቱ ጋ ነው፣ ከአሁኑስ ምን ልሥራ? ደግሞ ጿሚ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብን እዚያ እንዴት ነው የምይዘው? "ሕይወትሽን ይለውጠዋል" የሚለውን ማስታወቂያ ጠግቤዋለሁ፤ የሚጨበጥ ነገር ንገሩኝ።

የሶንግ_ተራራ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ገዳሙንና ትምህርት ቤቶቹን እንለያቸው። ሻኦሊን በ495 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ሄናን ክፍለ ሀገር ሶንግ ተራራ ላይ ያለ የቡድሃ ገዳም ነው፤ ቲኬት ቆርጠሽ የምትጎበኚው። ትምህርት ቤቶቹ ያሉት ዴንግፌንግ ከተማ ውስጥና ዙሪያዋ ነው። "ሻኦሊን ውስጥ እናስተምራለን" የሚል ማስታወቂያ ስታዪ አብዛኛውን ጊዜ "ዴንግፌንግ ውስጥ" ብለሽ አንብቢው። ይህ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ ግን ከመነኮሳት ጋር አድራለሁ ብሎ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ያዝናል።

ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የቻይናውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ታጎው የሚባለው ብቻውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች አሉት። ልጆቹ ቀለምና ዉሹ እያፈራረቁ ይማራሉ፤ ሲጨርሱ ውትድርና፣ ፖሊስነት፣ ጥበቃ ወይም አሠልጣኝነት ይገባሉ። የውጭ ዜጋ እዚያ ሲገባ ለብቻው በትንሽ ቡድን ይመደባል፤ ስለዚህ ግቢው ትልቅ መሆኑ ላንቺ የሚጨምርልሽ ነገር የለም። ከ20 እስከ 50 ሰው የሚይዝ ትንሽ ትምህርት ቤት ፈልጊ።

ውዳንግ ሁቤይ ክፍለ ሀገር ሺየን ከተማ ሥር ያለ የዳኦ ሃይማኖት ተራራ ነው። የሚሠራው በአብዛኛው ታይ ቺ፣ ሺንግ ዪና ባ ጓ የሚባሉት ስልቶች፣ ቺጎንግ (የእስትንፋስና የዝግታ እንቅስቃሴ ልምምድ) እና ቀጥ ያለ ሰይፍ ነው። ታይ ቺ ብቻ ከሆነ ፍላጎትሽ ሁለቱንም ትተሽ እዚያው ሄናን፣ ዌን ወረዳ ያለችውን ቸንጂያጎው መንደር ተመልከቺ፤ የቸን ታይ ቺ የወጣው ከዚያ ነው። ያንቺ ጅምር ግን ዉሹ ስለሆነ እኔ ዴንግፌንግ እላለሁ።

ገንዘብ ከመላክሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ፦ በየቀኑ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያስተምረው ማን ነው? (የሺፉው፣ ማለትም የዋናው አሠልጣኝ ፎቶ ድረ ገጹ ላይ መኖሩ እሱ ያስተምራል ማለት አይደለም፤ ብዙ ቦታ የሚያስተምረው የ19 ዓመት ነባር ተማሪ ነው።) የሚያስተምሩት ባህላዊ ታኦሉ ነው ወይስ ዝላይ የበዛበት የውድድር ዉሹ? ዝናብና በረዶ ሲሆን የሚሠራበት አዳራሽ አለ? ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት ይለቀቃል? በሁለተኛው ወር ጥዬ ብሄድ የቀረው ይመለስልኛል? ስድስቱን ወር በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ወር ብቻ ክፈይና እዪው፣ ከዚያ ትወስኛለሽ። ቅናሹ ከሚያስቀርልሽ ይልቅ መጥፎ ቦታ የሚያስወጣሽ ይበልጣል።

ወረቀት_ጨራሽ፦

ስለ ቪዛው። የጥናት ቪዛ ሁለት ዓይነት ነው፦ ኤክስ 2 እስከ 180 ቀን፣ ኤክስ 1 ከ180 ቀን በላይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ "ስድስት ወር" 180 ቀን አይደለም። የትኛውንም ተከታታይ ስድስት ወር ብትቆጥሪ ከ181 እስከ 184 ቀን ይወጣዋል። ቲኬትሽን ከወር ወደ ወር አስበሽ ከቆረጥሽ ቪዛሽን አሳልፈሽ ትገኛለሽ፤ ያ ደግሞ በቀን የሚቆጠር ቅጣት አለው። 170 ቀን ብለሽ አቅጂና ኤክስ 2 ያዢ።

ኤክስ 1 ከያዝሽ በገባሽ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ የጤና ምርመራም አለው። ሁለቱም ቪዛዎች የትምህርት ቤቱን የቅበላ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን መስጠት የሚችለው የውጭ ተማሪ ለመቀበል የተፈቀደለት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። "በቱሪስት ቪዛ ነይ፣ እዚህ እናስተካክላለን" ካሉሽ ፈቃዱ የላቸውም ብለሽ ጠርጥሪ። ችግሩ ሲመጣ በፓስፖርቱ የሚጠየቀው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ባለ ፓስፖርቷ ነሽ።

ሌላው፣ ሆቴል ካላደርሽ በደረስሽ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ አለብሽ። ትምህርት ቤቱ ሊወስድሽ ይገባል፤ ዓርብ ማታ ደርሰሽ "ሰኞ እንሄዳለን" ቢሉሽ አትስሚ። የሚሰጥሽን ወረቀት አትጣይው፣ ኋላ ይጠየቃል። ቪዛሽ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ደግሞ ለሽርሽር ሆንግ ኮንግ መሄድ እንደ መውጣት ይቆጠራል፤ መመለሻ የለሽም።

ከአዲስ አበባ ስትነሺ የቢጫ ወባ ካርድሽን ያዢ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንግዡና ቸንግዱ ይሄዳል፤ ከዚያ በፈጣን ባቡር የሄናን ዋና ከተማ ዠንግዡ፣ ከዠንግዡ በአውቶቡስ ዴንግፌንግ። የባቡር ቲኬቱ በፓስፖርት ቁጥርሽ ይቆረጣል። ስትመለሺ ሰይፍ ገዝተሽ ባቡር ልግባ ብትዪ ስለት ባይኖረውም ፍተሻ ላይ ይቀራል።

ዊቻትን (ቻይናውያን ለመልእክትና ለክፍያ የሚጠቀሙበትን መተግበሪያ) ከመሄድሽ በፊት ክፈቺ፤ ሲመዘገቡ ነባር ተጠቃሚ ስካን አድርጎ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፣ እዚያ ደርሶ ሰው መፈለግ ጣጣ ነው። ቤተሰብሽም ስልካቸው ላይ ይጫኑ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ዩቱዩብ፣ ጉግል እዚያ ዝግ ናቸው። ክፍያ ሁሉ በዊቻትና በአሊፔይ ስለሆነ የውጭ ካርድሽ እንቢ ቢል የሚያቆይሽ የተወሰነ ዩዋን በእጅሽ ይኑር።

ማቡ_ቁም፦

ወደ ሰውነቱ እንምጣ። ፕሮግራሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አቀማመጡ ተመሳሳይ ነው። ሊነጋጋ ሲል (በእኛ አቆጣጠር ከ11 ተኩል እስከ 12 ሰዓት) መነሣት፣ ሩጫና ቺጎንግ፣ ቁርስ፤ ረፋዱን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ልምምድ፤ ምሳና እንቅልፍ፤ ከሰዓት ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል። በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ወይም አምስት ቀን ተኩል። የቀትር እንቅልፉን እንደ ስንፍና አትዪው፣ ልምምዱን የሚያስችለው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በጉጉት ያልፋል። ሰው የሚወድቀው ከአሥረኛው ቀን በኋላ ነው፣ በሁለት ቦታ። አንደኛው ቅልጥም ነው። ሜዳው ሲሚንቶ፣ ጫማው ፌይዩዌ፤ ሶሉ እንደ ቂጣ ስስ ነው። ሕመሙ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ረዘም ብሎ ከተዘረጋ ሩጫውንና ዝላዩን ቀንሺ፣ ይለቅሻል። በአንድ ጣት የምታመለክቺው ነጥብ ሆኖ ሌሊትም የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ተነሺ። ሁለተኛው መቀመጫ ሥር ነው፣ የኋላ ጭን ጅማት ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት። ይህ በመሳብ የሚድን ይመስላል፤ እየተሳበ ግን ይብሳል፣ ወራትም ይፈጃል። ያቱይ (እግር መሳብ) ላይ ጓደኛሽ ከላይ ሲጫንሽ እዚያ ቦታ ላይ የሚወጋ ነገር ከተሰማሽ "ቲንግ" በዪ፣ አቁም ማለት ነው። ጭኑ መሐል ላይ የሚወጠረው ደህና ነው፤ አጥንቱ ጋ የሚወጋው አይደለም።

ምት ላይ (ቱይ የሚባለው ሁሉ) የጀማሪ ጥፋት አንድ ነው። እግር ከፍ እንዲል ወገቡን ያጎብጣል፣ የቆመበትን ተረከዝ ያነሣል፣ ጉልበቱን ያጥፋል። እግር ወደ ግንባር ይምጣ እንጂ ግንባር ወደ እግር አይሂድ። ወገብሽ ላይ ቢቀርም ቀጥ ያለው ይሻላል።

ማቡን (ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ ዝቅ ብሎ መቆምን) ከአሁኑ ጀምሪ። በሁለቱ እግሮችሽ መካከል የራስሽ ጫማ ርዝመት ሦስት እጥፍ ይኑር። የእግር ጣቶች ወደ ፊት። ጉልበትሽን በእግርሽ መካከለኛ ጣት አቅጣጫ እያወጣሽ ውረጂ፣ ጭንሽ ከመሬት ጋር እስኪስተካከል። ጅራት አጥንትሽ ወደ ታች ይውረድ፣ መቀመጫሽ ወደ ኋላ አይውጣ፣ ተረከዝሽ አይነሣ። ሲደክምሽ መጀመሪያ የሚሆነው ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቅ ነው፤ የውስጥ ጉልበት ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀጥሎ የእግር ጣቶች ሳታውቂው ወደ ውጭ ይዞራሉ፤ ዳሌሽ ጠባብ መሆኑን የሚደብቅልሽ ማጭበርበሪያ ነው። ጭንሽ ይቃጠል፣ ይንቀጥቀጥ፤ ጉልበትሽ ውስጥ ከወጋሽ ግን አንድ ስንዝር ከፍ ብለሽ በትክክል ቁሚ። በ30 ሰከንድ አምስት ጊዜ ጀምረሽ በሦስት ወር 2 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ላይ ድረሺ።

ከዚህ ሌላ በሳምንት አራት ቀን ለግማሽ ሰዓት ሩጪ፣ በየአቅጣጫው በእያንዳንዱ እግር 20 ምት፣ ሰውነት ከሞቀ በኋላ ብቻ መሳብ። ተረከዝ ሳይነሣ ቁጢጥ ብሎ አምስት ደቂቃ መቆየትንም ልመጂ። ለፑቡ (አንዱን እግር ዘርግቶ በሌላው ላይ ቁጢጥ ለማለት) ያገለግልሻል፤ ለሽንት ቤቱም፣ አብዛኛው ቁጢጥ የሚባልበት ነው።

ቀስ_በቀስ፦

የሶንግ_ተራራን በአንድ ነገር አልስማማም። ውዳንግን በታይ ቺና በቺጎንግ ብቻ ሲያልፈው ከዴንግፌንግ ይቀላል ያለ ያስመስለዋል። ዣን ዡዋንግ፣ ማለትም ዛፍ እንዳቀፉ ቆሞ መቆየት፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ትከሻ ምን እንደሚሆን የሞከረ ያውቃል። ግን ለቅልጥምና ለጅማት ይራራል፣ ይህ እውነት ነው። ዕድሜው ከ35 በላይ የሆነ ወይም ጉልበቱን ያመመው ሰው መጀመሪያ ውዳንግን ቢያስብ ጥሩ ነው።

ስለ ምግቡ። ሄናን የስንዴ አገር ነው፤ በእንፋሎት የበሰለ ማንቶው ዳቦ፣ ኑድል፣ ጎመን፣ ቶፉ፣ እንቁላል በቲማቲም፣ በስሱ የተከተፈ ድንች። ጠዋት ቀጭን የሩዝ ገንፎና የተቀቀለ እንቁላል። ለጾም ችግሩ አትክልት መጥፋቱ አይደለም፤ አትክልቱ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ወይም የተፈጨ ሥጋ ሊጣልበት መቻሉ ነው፣ ምግብ ሠሪዋ ያንን "ሥጋ" ብላ አትቆጥረውም። "ዎ ቺ ሱ" ማለት አትክልት ብቻ እበላለሁ ነው፤ እንቁላልና ወተትም እንዲቀር "ቹን ሱ" በዪ፣ በቻይንኛ ጽሑፍም አጽፈሽ ለወጥ ቤቱ ስጪ። ጉልበቱን ከቶፉ፣ ከአኩሪ አተር ወተትና ከኦቾሎኒ ታገኛለሽ። እስከ ቀትር መጾሙን ግን ረፋዱን ሦስት ሰዓት ከሚፈጅ ልምምድ ጋር ማስኬድ ከባድ ነው፤ ከመሄድሽ በፊት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ቋንጣና ቅቤ አትያዢ፣ የሥጋና የወተት ውጤት ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል።

ሴት ስለሆንሽ፦ ለፀጉርሽ የሚስማማ ቅባት ትንሽ ከተማ ውስጥ አታገኚም፣ ይዘሽ ሂጂ፤ ሹሩባ ተሠርተሽ ብትሄጂ ላብና የክረምት ብርድ ላይ ይቀልልሻል። ለስፖርት የሚሆን ጡት መያዣም ቢያንስ አምስት። ጫማ እዚያው ግዢ፣ ርካሽ ነው፤ በወር ከአንድ እስከ ሁለት ጥንድ ያልቃል። ዱላም እዚያው፦ ባይላ የሚሉት ነጭ እንጨት፣ ቁመቱ እስከ ቅንድብሽ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ወፈር ያለ። ስትገዢ መሬት ላይ አንከባልዪው፤ ከተወላገደ ተዪው።

ፍሬ_ከአዳማ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ፦ አሠልጣኙን ምን ብዬ ነው የምጠራው? ጥቅምት ላይ ብሄድስ ብርዱ እንዴት ነው?

የሶንግ_ተራራ፦

"ሺፉ" በዪ፣ ነባሩን ወንድ ተማሪ "ሺሾንግ"፣ ሴቷን "ሺጄ"። ሰላምታው ቀኝ ጡጫ፣ ግራ መዳፍ ከፊቱ ነው፤ አታገላብጪው፣ የተገለበጠው የለቅሶ ነው። ያላስተካከልሽውን ታኦሉ ይዘሽ "ቀጣዩን አሳየኝ" አትበዪ። በመጀመሪያው ወር "ባይ ሺ" ፈጽመሽ የቤተሰብ ደቀ መዝሙር ሁኚ፣ ይህን ያህል ክፈይ ካሉሽ በትሕትና አሳልፊው፤ ያ ሥርዓት በወግ ሲደረግ ዓመታት ተጠብቆ ነው።

ጥቅምት ራሱ ለልምምድ ከሁሉ የተመቸ ወር ነው። ታኅሣሥና ጥር ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ አዳራሹም ላይሞቅ ይችላል፣ የአልጋ ማሞቂያ ፍራሽ እዚያው ግዢ። የቻይና አዲስ ዓመት የሚውለው ደግሞ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አሠልጣኞቹ አገራቸው ይገባሉ፣ ወጥ ቤቱም ሊዘጋ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ስንት ቀን እንደሚዘጋና ያ ጊዜ ከክፍያሽ ይቀነስ እንደሆነ በጽሑፍ አስይዢ።