የአክስቴ ልጅ «ሰርጌን አንቺ ነሽ የምታነሺው» አለችኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ፎቶ የማነሳው ቅዳሜና እሁድ ለራሴ ደስታ ነው፤ መርካቶን፣ የእንጦጦን ዛፎች፣ የጎረቤት ልጆችን። የአክስቴ ልጅ ሽማግሌ የተላከባት ቀን ያነሳኋቸውን አይታ «ለሰርጌ ሌላ ሰው አልቀጥርም» ብላ ድርቅ አለች። ሰርጉ ጥር መጨረሻ ነው። ያለኝ ካኖን 80ዲ ካሜራ፣ አስፍቶም አቅርቦም የሚያነሳ 18-55 ሌንስና የማይለጠጥ 50 ሚሜ 1.8 ሌንስ ነው። ፍላሽ የለኝም። እምቢ ብል ትቀየመኛለች፤ እሺ ብዬ ካበላሸሁት ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና በጠጣ ቁጥር ይነሳብኛል። እንዲህ ጀምሮ ሰርግ አንሺ የሆነ አለ?

የፒያሳው፦
አለሁ። እኔም ቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ። የጓደኛዬ ሰርግ ላይ እንግዳ ሆኜ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። የተቀጠረው ልጅ ዘገየ። ሙሽራው ደርሷል፤ ሴቶቹ «አናስገባም ሰርገኛ» እያሉ በሩን ይዘዋል። አንድ አጎት «ካሜራ ይዘህ ምን ትገተራለህ?» ብለው ገፋ አደረጉኝ። በዚያው ገባሁ።

የበሩ ግርግር አሪፍ ወጣ። ሳሎን ስንገባ ግን 50 ሚሜው ጠበበኝና ሌንስ መቀየር ጀመርኩ። ቀና ስል የሙሽሪት እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ነው። ጉልበት መሳሙ አልፏል። «ድገሙልኝ» አይባል ነገር! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤት ውስጥ 18-55ቱን ግጠሚና አትንኪው። በአንቺ ካሜራ ላይ 50ው እንደ 80 ሚሜ አጥብቦ ነው የሚያየው። ለሙሽሪት ፊት ግሩም ነው፤ ሳሎን ውስጥ ግን ጀርባሽን ግድግዳ ላይ ያስለጥፍሻል።

ባለ ሁለት ካርዱ፦
እህቴ፣ ሞራልሽን ለመንካት አይደለም፤ ብቻሽን አትግቢበት። 80ዲ አንድ የፎቶ ማስቀመጫ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ የአንድ ደንበኛ የመልስ ፎቶ ካርድ ተበላሽቶብኝ ሙሉውን አጥቻለሁ። ብሩን መለስኩ፤ ቀኑን ከየት ላምጣው? ዋና አንሺ ይቀጠር፣ አንቺ ሁለተኛ ሁኚ። ሙሽሪት አሻፈረኝ ካለች ትልቅ ካርድ አትያዢ፤ ባለ 32 ጊጋ ሦስት አራት ያዢና ቤቱ ሲያልቅ ቀይሪ፣ ፓርኩ ሲያልቅ ቀይሪ። የሞላውን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ። ባትሪም ቢያንስ ሁለት።

እናት አንሺ፦
የወንዶቹን ምክር ሰምተሻል፤ እኔ ደግሞ ሴት በመሆንሽ የምታገኚውን ልንገርሽ። ሙሽሪት ስትለብስ ክፍሉ ውስጥ ማንም አያስወጣሽም። የቬሎው ዚፕ አልዘጋ ብሎ ሦስት ሚዜዎች ሲታገሉ፣ አክስት መርፌና ክር ፍለጋ ሲሮጡ፤ ከዓመታት በኋላ የሚሳቅበት ፎቶ ይኸ ነው።

ተክሊል ካለ ግን ከዋዜማው ቤተ ክርስቲያኑ ሄደሽ ጠይቂ። ወንድና ሴት የሚቆሙበት ስለሚለይ ከየት ሆነሽ እንደምታነሺ ቀድመሽ እወቂ። ፍላሽ እዚያ እርሺው። ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጊ፤ ተረከዝ ያለው እንዳታስቢ።

የፒያሳው፦
ለማታው ግን ፍላሽ ተከራዪ። ጣሪያው ነጭ ከሆነ ወደ ላይ አዙረሽ ተኩሺ። ድንኳን ከሆነ ተጠንቀቂ፤ ቢጫ ሸራ ሁሉንም ሰው የወባ በሽተኛ ያስመስለዋል። ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሺ፣ ቀለሙን ቤትሽ ታስተካክዪዋለሽ። እስክስታ ላይ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ አታውርጂ፣ ትከሻው ጭጋግ ይሆናል።

የፓርኩን ፕሮግራም ደግሞ ከቻልሽ ወደ 10 ሰዓት ግፊው። የ7 ሰዓት የጥር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። እምቢ ካሉ ዛፍ ጥላ ውስጥ አስገቢያቸው።

ባለ ሁለት ካርዱ፦
በነጻም እንዳታነሺ። ለዘመድ ቢሆንም።

እናት አንሺ፦
ኧረ ተው! የመጀመሪያው ስጦታ ይሁንላት። የአልበሙን ማሳተሚያ ግን እነሱ ይክፈሉ።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ትናንት ማታ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። የቤቱንና የመልሱን እኔ፣ ተክሊሉንና አዳራሹን የሚቀጠረው ሰው እንዲያነሳ ተስማማን። ትንሽ አኮረፈች፤ የካርዱን ታሪክ ስነግራት ግን ደነገጠች። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ምግብ ሲቀርብስ ማንሳቴን ልቀጥል?

የፒያሳው፦
አትቀጥዪ። ጎርሶ የተነሳ ሰው ይቅር አይልሽም። ያኔ አንቺም ብዪ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊት ማንም አያስታውስሽም።