ቤት ስመለስ የተውኩት ልማድ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

እንቅልፍ አልባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማታ አልጋ ላይ ስልክ የመጎርጎር አመል አለብኝ። በቅርቡ ለሥራ ሌላ ከተማ ሰንብቼ ነበር። እዚያ አላማረኝም፣ መብራት አጥፍቼ ለጥ ነው። ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤት የገባሁ ዕለት ግን ገና ጋደም ከማለቴ እጄ ስልኩን ፈልጎ አገኘው፣ ሳላስበው እኩለ ሌሊት አለፈ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ። እኔ ነኝ ደካማ ወይስ ቤቱ ነገር አለው?

ቀጥተኛው፦
ወንድሜ ትሁን እህቴ ባላውቅም፣ ባብዛኛው ጥፋቱ የቤቱ ነው። አንድን ነገር እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰዓት ስንደጋግመው ቦታው ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል፤ ፍላጎት ባይኖርም ትራሱ ይበቃል። ልማድን የምታጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት አለ። ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ሰባት ቀን የከረመ ፈንዲሻ ሰጧቸው። ፊልም እያዩ ፈንዲሻ መብላት የለመዱት፣ አይጥምም እያሉ ትኩሱን የሚያክል በሉለት! ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ግን የከረመውን ከትኩሱ አሳንሰው ነው የበሉት። ደግሞ እዚያው ሲኒማ ቤት ባልለመዱት እጅ ብሉ ሲባሉ ልማዱ ተሰናከለ። እጄ ራሱ አገኘው ያልከው/ሽው ለዚህ ነው።

ዝምተኛ አንባቢ፦
የቬትናም ዘማቾች ነገርማ ሳይነሳ አይታለፍም። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ተከታትላ ነበር። ከአምስት አንዱ ገደማ እዚያ ሳለ የሄሮይን ሱሰኛ ነበር። አገር ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ያገረሸባቸው ግን ከእነዚሁ ሱሰኞች ከመቶ አምስት አካባቢ ብቻ ናቸው። በዚያው ዘመን ታክመው ወደ ድሮ ሰፈራቸው የሚመለሱት ሱሰኞች ግን አብዛኞቹ ይመለሱበት ነበር። ሁሉንም በቦታው ማሳበብ ግን አይመቸኝም፤ ጦርነቱም ቀርቷል፣ ሄሮይኑም እንደዚያ በርካሽ አይገኝም።

አይዞን፦
እሺ፣ ግን ሰው ሁሉ አመል ለመተው ብሎ ቤት አይቀይርም። ቤቱን ትንሽ ማወክ ይቻላል። ቻርጀሩን ከአልጋው አጠገብ ነቅሎ ኮሪደር ላይ መሰካት፣ ለመቀስቀሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት መያዝ (ይቺን የሚረሳ ሰው "ለአላርም ነው" እያለ ስልኩን መልሶ አልጋ ውስጥ ያስገባዋል፣ ስንቱን አይቻለሁ)። አልጋውንም ወደ ሌላ ግድግዳ ማዞር ነው፤ ትንሽ ያስቃል ግን ለኔ ሠርቷል። ደግሞ "በ21 ቀን ይለቅሃል" የሚሉትን አትስሙ። ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ባጠኑት፣ አዲስ ልማድ እስኪሰርጽ መካከለኛው 66 ቀን ነበር፣ እንደ ሰውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ይደርሳል።

እንቅልፍ አልባ፦
እህት ነኝ 😄 ቻርጀሩን አውጥቻለሁ፣ ሰዓትም ይገዛል። ችግሩ ባለቤቴ ነው፤ አልጋ ላይ ፊልም ካልከፈተ እንቅልፍ አይወስደውም፣ እኔም በጎን አብሬ አፈጣለሁ። እሱን ምን ላድርገው?

አይዞን፦
እሱንም ኮሪደር ላይ ሰኪዋ 😂 የምሬን ግን፣ ሰውም ያው አካባቢ ስለሆነ ብቻሽን አትችይውም። ፊልሙን ሳሎን ጨርሶ እንዲገባ ተነጋገሩ። እምቢ ካለ ማዳመጫ ይሰካና ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ።