ዌብሳይት ላሠራ ወይስ በቴሌግራም ልቀጥል?

ሰላም ወገን፣ ግራ ገብቶኝ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ከእናቴ ጋር የሐረር ስፌት እንሸጣለን። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል። ትናንት «ዋጋው ስንት ነው?» ላሉ 23 ሰዎች መለስኩ፤ የገዛችው አንዷ ናት!

አሁን አንድ ልጅ ዌብሳይት ልሥራልሽ ብሎ 40 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ዶሜኑና ሆስቲንጉ (የዌብሳይቱ አድራሻና ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ደግሞ በየዓመቱ ይከፈልበታል። እውነት ለመናገር ብሩ አንገብግቦኛል። ግን በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲዘጉ ገበያዬ ቀጥ ብሎ ነበር። ቪፒኤን (የተዘጋውን የሚያስከፍተውን አፕ) የማያውቅ ደንበኛ ሁሉ ጠፋብኝ።

እናቴ «ስፌቱ ራሱ ይናገራል» ትላለች። እሷ ምን አለባት፣ መልስ የምሰጠው እኔ!

ለጊዜው ሱቁን ጎግል ማፕ ላይ በነፃ ባስመዘግብ ይበቃ ይሆን? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ልጁ እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋል።