ዱላው ከቀረ ተማሪዎቹን በምን እንያዛቸው?

ዩኒት ሊደሩ (ሐዋሳ)
ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ዩኒት ሊደር ነኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅን ትምህርት ቤት ውስጥ መግረፍ ከልክሏል፣ ይሄን ሁሉም መምህር ያውቃል። "እሺ፣ ታዲያ በምን እንያዛቸው?" ሲሉኝ ግን መልስ የለኝም። የበደለና የተበደለ ልጅ ተነጋግረው ጥፋቱን የሚያስተካክሉበት መንገድ አለ ተብሎ የግማሽ ቀን ስልጠና ተሰጠን። በማግስቱ ልጆች ደጅ ተንበርክከው አገኘሁ። ከ60 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ይሄ ነገር ይሠራል ወይስ የፈረንጅ ቅንጦት ነው?

የታቦር ልጅ
ኧረ የምን ፈረንጅ! ኒውዚላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ያጠፋ ልጅ ጉዳይ በቤተሰብ ጉባኤ እንዲታይ በሕግ ስትደነግግ ከማኦሪዎች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ልማድ ተነስታ ነው። አንተ ደግሞ ሲዳማ ተቀምጠህ ነው የምትጠይቀው? በአፊኒ፣ በሲዳማ ባህላዊ ሽምግልና፣ ሁለቱም ወገን ሳይሰማ ይፈረዳል እንዴ?

ሚስ 3ኛ ክፍል
ይሠራል። በላጲስ የተጣሉ ልጆች ነበሩኝ፣ አንዱ የሌላውን ደብተር ቀደደ። ምን ሆነ፣ ማን ተጎዳ፣ እንዴት ይስተካከል ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ቀዳጁ ራሱ "እኔ እገለብጥለታለሁ" አለና በዕረፍት ሰዓት የሳይንስ ኖቱን ጻፈለት፣ ጽሑፉ ባይነበብም። ግን እኔ ከሁለቱ ጋር ስቀመጥ የቀረውን ክፍል ማን ይያዝልኝ? እኛን የጎደለን ስልጠና ሳይሆን ሰው ነው። ወንድሜ፣ ልጆቹን ቢሮህ አስጠርተህ አትፍረድ፣ መጥተህ ክፍሌን 10 ደቂቃ ያዝልኝ።

የተማሪ አባት
መምህርት፣ ያሉት ጥሩ ነው፣ ግን የተመታው የእኔ ልጅ ቢሆንስ? "ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ" ይባላል፣ ያኛው ነገም ይደግመዋል።

ሚስ 3ኛ ክፍል
እሱማ እርቅ አይደለም፣ ነገር መሸፈን ነው። የተመታው ልጅ አልፈልግም ካለ አናስገድደውም። እየደጋገመ የሚማታ ካለ መጀመሪያ እንለያያቸዋለን፣ ወላጅ ይጠራል፣ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከሳምንት በኋላም "አሁንስ እንዴት ናችሁ?" ብሎ መጠየቅ አለ። ብዙዎቻችን የምንዘለው እሱን ነው።

ዩኒት ሊደሩ (ሐዋሳ)
ክፍል መያዙን ከሰኞ እጀምራለሁ። "ቢሮህን ትተህ የት ትዞራለህ?" የሚለኝን ዳይሬክተር የሚያሳምንልኝ ካለ ደግሞ ይምጣ 😅