መብራቱን ማን ያጥፋ? አዛውንቱ ወይስ ደንቡ?

የሆጤው፦
ሰላም ጀመዓ! እዚህ ደሴ የሰፈራችን ቅሬ (እድራችን) ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ቤት ሊከፍት ነው። ሐሳቡ ላይ ሁላችንም አንድ ነን፤ የተጣላነው በመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ረቂቁ ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ 1 ሰዓት ቁርስ፣ ማታ 2 ሰዓት መብራት ማጥፋት፣ ያለ ፈቃድ መውጣት ክልክል ይላል። እኔ ይሄ እስር ቤት ነው አልኩ። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይወስኑ። እናንተስ?

ሾፌሩ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ቅንጦት አይሆንም? በደሴ ብርድ ደጀ ሰላም ላይ የሚያድር ሽማግሌ ስለ መብራት ይጨነቃል እንዴ? መጀመሪያ ጣሪያና እንጀራ!

የቧንቧ ውሃዋ፦
መጀመሪያውኑስ የወሎ ሰው ወላጁን ቤት ቆልፎ ለሌላ መስጠት ከመቼ ወዲህ ነው የለመደው?

የሆጤው፦
እታለም፣ ልጆቻቸው ጅዳና ቤሩት ናቸው እኮ። ብር ይልካሉ፣ ውሃ የሚያቀብል እጅ ግን ከየት ይምጣ? ልጅ የሌላቸውም አሉ።

ነርሷ፦
እኔ ደንቡን ማን እንደሚፈልገው ልንገራችሁ፤ እኛ ሠራተኞቹ ነን። ለ30 ሰው ሁለት ተንከባካቢ ስትመድቡ ሁሉም በአንድ ሰዓት ካልተነሳ፣ ካልታጠበ፣ ዳይፐሩ ካልተቀየረ ሥራው አያልቅም። ክፋት አይደለም፣ እጅ ማጠር ነው። ደግሞስ የስኳር ሕመምተኛው አባት ሻያቸው ላይ ሦስት ማንኪያ ጨምሪልኝ ቢሉኝ ምን ልበል?

የደሴ ልጅ፣ ከሜሪላንድ፦
እኔ እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ነው የምሠራው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሕግ አለ፤ ነዋሪው ክብሩ ይጠበቅ፣ ስለ እንክብካቤው ይወስን ይላል። ወረቀቱ ያምራል። እኔ በፊት የነበርኩበት ቤት ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መቀስቀስ እንጀምር ነበር፣ የቀኑ ተረኛ ሲገባ ሁሉም ለብሶ እንዲጠብቅ። አንዲት እናት በየቀኑ ታለቅስ ነበር፣ እኔም እያለበስኳት። ስለዚህ ነርሷ ልክ ናት፣ ሰው ከሌለ ሕግ ብቻውን አይሠራም።

ግን ሌላም አለ። ቢል ቶማስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የአረጋውያን ቤት ወፍ፣ ውሻ፣ ድመትና አትክልት አስገባ። አረጋውያኑን የሚያደቃቸው ብቸኝነት፣ መሰልቸትና ለማንም አለመጥቀም ነው ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ እሱ ባመጣው ሐሳብ ሚሲሲፒ ውስጥ ትንንሽ ቤቶች ተሠሩ። በአንዱ ቤት አሥር ሰው ገደማ ይኖራል፣ እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው፣ ወጥ ቤቱ መሃል ላይ ነው፣ የምታበስለውም የምታጥበውም ያችው ተንከባካቢዋ ናት። ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ይሄ የእኛ ቤት አይደል እንዴ!

የቧንቧ ውሃዋ፦
ይሄን ስትል አያቴ ትዝ አለችኝ። እጇ እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻው ቡናዋን ራሷ ነበር የምትቀዳው። አንድ ቀን እንግዳ ላይ እንዳትደፋው ፈርቼ ጀበናውን ነጠቅኳት። አቦሉም ቶናውም አለፈ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በረካው ላይ «እንግዲህ እኔ ምን ልሥራ?» አለች። እሺ፣ ቤቱን አልቃወምም። ጀበና ግን ይኑረው።

ነርሷ፦
ጀበናው ይሁን። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሌሊት ተነስተው ገራዶ ልሂድ ቢሉስ? ቢወድቁ የሚጠየቀው ማን ነው?

የደሴ ልጅ፣ ከሜሪላንድ፦
ኔዘርላንድስ ውስጥ ቬስፕ የምትባል ከተማ ለእንደነሱ ዓይነት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ መንደር አለ፣ ሆገቨይክ ይባላል። ሱቅ አለው፣ ካፌ አለው፣ ነዋሪው እንዳሻው ይዞራል። መውጫ በሩ ግን ይጠበቃል። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሰውየውን አልጋ ላይ ከማሰር ግቢውን ማጠር ይሻላል። ስኳሩን ደግሞ ንገሪያቸው፣ ሐኪሙም ይንገራቸው፤ አእምሯቸው ጤነኛ ከሆነ ውሳኔው የሳቸው ነው። አንቺ ቤትሽ ስኳር ስትጨምሪ ማን ይከለክልሻል?

ነርሷ፦
የሚወቀሰው ሌላ ሲሆን ቀላል ነው!

ሾፌሩ ከኮምቦልቻ፦
እኔ አሁንም ጣሪያው ይቅደም ባይ ነኝ። ግን ያችን 12 ሰዓት አውጧት። አባቴ ሱብሒ ሰግዶ ተመልሶ ይተኛል፣ ያኔ የሚቀሰቅሰውን በከዘራ ነው የሚለው 😂

የሆጤው፦
ቅሬው እሑድ ይሰበሰባል። ከሚገቡት ሰዎች ሦስቱን ይዤ እሄዳለሁ፣ ደንቡ ሲነበብ እነሱም ይስሙት። ነርሷ፣ ደንቡ እንዲሻሻል ትፈርሚያለሽ?

ነርሷ፦
ለሌሊት ሌላ ተረኛ ጨምሩና እፈርማለሁ። ካልጨመራችሁ መብራቱን በ2 ሰዓት የማጠፋው እኔው ነኝ፣ እወቁት።