ሲሪሊክን የቀረጸው ቅዱስ ቄርሎስ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ራሺያኛ መማር ጀምሬያለሁ። አስተማሪዬ የቋንቋውን ፊደል፣ ሲሪሊክን፣ የፈጠረው ቅዱስ ቄርሎስ ነው ይላል፤ ያነበብኩት ጽሑፍ ግን አይደለም ይላል። ማንን ልመን? ደግሞ የላቲኑን «ቢ» የሚመስለው «ቭ»፣ «ፒ»ን የሚመስለው «ር» ተብሎ መነበቡ ለምንድን ነው?

መልስ፦
ጽሑፉን እመን። ሶፊያ ውስጥ የስላቭ ቋንቋዎችን ስላጠናሁ ይህ ታሪክ ሲዛባ ዝም ማለት ይከብደኛል። የሞራቪያው (በዛሬዋ ቼክ አካባቢ የነበረ የስላቮች ግዛት) ልዑል ራስቲስላቭ በ862 እ.ኤ.አ. ግድም ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው የሚያስተምሩ ሰዎች እንዲላኩለት ቁስጥንጥንያን ጠየቀ። ንጉሠ ነገሥት ሚካኤል ሦስተኛ የተሰሎንቄ ተወላጆቹን ወንድማማቾች፣ ቆስጠንጢኖስንና ሜቶድዮስን ላከለት። ቄርሎስ የምንለው ይኸው ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ869 ሮም ውስጥ ሊሞት ሲል መንኩሶ ነው። እሱ የቀረጸው ፊደል ግላጎሊቲክ ይባላል፤ ቀለበትና ሦስት ማዕዘን የበዛበት፣ ከምታጠናው ጋር እምብዛም የማይመሳሰል።

ሜቶድዮስ በ885 ካረፈ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ከሞራቪያ ተባረሩ። የቡልጋሪያው ገዥ ቦሪስ ተቀበላቸው፤ ከእነሱ አንዱ ክሌመንት ኦህሪድ በተባለችው ከተማ ብዙ ተማሪዎች አፈራ። ሲሪሊክ የተወለደው እዚያው ቡልጋሪያ ነው፤ አብዛኞቹ ምሁራን የፕሬስላቭን ከተማ ይጠቅሳሉ። መነሻው የግሪክ ፊደል ነው። ግሪኮች በዚያ ዘመን «ቢ» የመሰለህን ፊደላቸውን፣ ቤታን፣ «ቭ» ብለው ያነቡ ነበር፣ «ፒ» የመሰለህም የግሪኩ ሮ ነው። ግሪክኛ ለማያውቃቸው ድምፆች ደግሞ፣ ለምሳሌ ለ«ሽ»፣ ከግላጎሊቲክ ተወሰደ። ስያሜው ለመምህሩ ክብር ነው።

እባክህ «የራሺያ ፊደል» አትበለው። ኪየቭ በ988 ክርስትናን ስትቀበል ቡልጋሪያ ውስጥ በእነዚህ ፊደላት መጻሕፍት ይጻፉ ነበር።

ሌላ አንባቢ፦
ግላጎሊቲክስ ወዲያው ጠፋ?

መልስ፦
ኧረ የለም! ክሮኤሺያ ውስጥ ለዘመናት ኖሯል። በክርክ ደሴት የተገኘው የባሽካ ጽላት የሚባለው የድንጋይ ጽሑፍ በ1100 ገደማ በግላጎሊቲክ የተቀረጸ ነው፤ በ1248 ደግሞ ጳጳስ ኢኖሰንት አራተኛ የክሮኤሺያዋ ከተማ የሴኝ ኤጲስ ቆጶስ በዚህ ፊደል ቅዳሴውን እንዲያካሂድ ፈቀደ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ራሺያኛውን ካወቅሁ ሰርብኛም ማንበብ እችላለሁ ማለት ነው?

መልስ፦
አብዛኛውን ትለያለህ፣ ሁሉንም ግን አይደለም። የሰርብኛን አጻጻፍ ያሻሻለው ቩክ ካራጂች በ1818 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ፊደል መድቧል፤ ለ«ኝ» ድምፅ የራሱን ፊደል ሰጠው፣ «ጄ»ን ከላቲን አመጣ። በራሺያኛ የማታገኛቸውን ስድስቱን ፊደላት ለይተህ አጥና።