በአዳማ ሙቀት ይበርደኛል፣ ምርመራው ግን «ደህና ነሽ» ይላል

ጠያቂ (የልጅ እናት፣ አዳማ)፦
እህቶች፣ ግራ ገብቶኛል። 32 ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ በሙቀት ሲያማርር እኔ ጋቢ ደርቤ እቀመጣለሁ። ድካሙ አያድርስ ነው። ብድግ ስል ያዞረኛል፣ ምግብ አስጠልቶኛል። ልጄ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የወር አበባዬ ግን ከወለድኩ ወዲህ ቀርቷል። መጀመሪያ ታይፎይድ ተባልኩ፣ ከዚያ ደም ማነስ፣ ከዚያ ጨጓራ። በቅርቡ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ተጠርጥሮ ቲኤስኤች የሚባል የሆርሞን ምርመራ ታየልኝ፤ ኖርማል ነው። «ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ» ብለው ሸኙኝ። አማቴ ደግሞ ጠበል ሂጂ ይሉኛል። ሆርሞን ይሆን?

ማኪ፦
የኔ ቆንጆ፣ ቁርጥ የኔ ነገር ነው! ብርዱ፣ ድካሙ... እኔን ታይሮይድ ነው ብለው ኪኒን ጀመሩልኝ። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ነው የሚዋጠው፣ ቡናና ቁርስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ሰው ሆንኩ። ትርፍ አለኝ፣ ልላክልሽ?

አባ ጨጓሬ፦
እርግዝና አለመሆኑ ተረጋግጧል? ስኳርስ ታይቷል?

ጠያቂ፦
ሁለቱም ታይቷል፣ የለም።

አዋላጅ ነርስ (ሀዋሳ)፦
ማኪዬ፣ ኪኒኑን እንዳትልኪ! ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። እህቴ፣ ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር? ጡትሽስ ወተት ሰጥቷል?

ጠያቂ፦
እንዴት አወቅሽ? ራሴን ስቼ ደም ተሰጥቶኛል። ወተት የሚባል ጠብ አላለም። አብሽ ብል፣ አጥሚት ብል ወይ ፍንክች። በቆርቆሮ ወተት ነው ያሳደግኩት። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ተናግሬው አላውቅም። ከፈቀድሽልኝ ደግሞ፣ የብብቴ ፀጉር እንኳ ጠፍቷል።

አዋላጅ ነርስ (ሀዋሳ)፦
ሺሃን ሲንድረም የሚባል ነገር አለ። አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። በእርግዝና ጊዜ ታብጣለች። በወሊድ ብዙ ደም ሲፈስ ደም ያጥራትና ከፊሏ ይሞታል። ወተትን፣ የወር አበባን፣ ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች የምታዝዘው እሷ ናት። ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን፣ ቲኤስኤችም፣ ከእሷ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እሷ ስትታመም ቲኤስኤች ኖርማል ቢልም አይታመንም፤ ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ፍሪ ቲ-ፎር፣ አብሮ መታየት አለበት። ከአድሬናል የሚወጣው ሆርሞን፣ ኮርቲሶልም፣ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ፣ ደሙ የሚቀዳው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው። የወተት ሆርሞኑ ፕሮላክቲንም ይታያል፣ ዕጢዋን በምስል የሚያሳይ ኤምአርአይ ሊጨመር ይችላል።

የማኪ ኪኒን ለምን አይሆንም? ኮርቲሶልሽ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ እሱ ሳይተካ የታይሮይድ መድኃኒት መጀመር ሰውን ይጥላል። ቅደም ተከተሉን ሐኪም ነው የሚወስነው። እርግጡን ምርመራው ይናገራል፣ ግን ታሪክሽ ልክ እሱን ይመስላል። ከሆነም የጎደለው ሆርሞን በኪኒን ይተካል። የዕድሜ ልክ ነው፣ ግን ሰው ያደርጋል።

ቶላ፦
አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ግቢ። ከወለድሽበት የተሰጠሽን ወረቀት ይዘሽ ሂጂና «ደም ፈሶኝ ነበር» የሚለውን መጀመሪያ ተናገሪ። የሆርሞን ስፔሻሊስት ካስፈለገ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ያጽፉልሻል። ጤና መድን ካለሽ ያለ ሪፈር እንዳትሄጂ፣ ከኪስሽ ነው የምትከፍዪው። ኮርቲሶል ሁሉም ላብራቶሪ አይሠራም፣ ቀድመሽ ደውዪ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ እሄዳለሁ። አማቴን ግን ምን ልበላቸው? ጠበሉ ቦታ ጾም አለ።

አዋላጅ ነርስ (ሀዋሳ)፦
እማማን አታስቀይሚያቸው፣ ጠበሉን ጠጪ። ጾሙን ግን ውጤቱ እስኪታወቅ ተዪው፣ ለነፍስ አባትሽም ንገሪ። ኮርቲሶል ያነሰው ሰው ሳይበላ ሲውል ስኳሩ ይወርዳል። እስከ ሰኞ ደግሞ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ማስታወክ ካላቆመ ወይም ከወደቅሽ ቀጠሮ የለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።